አድሮ ያደገው ጭስ ማውጫ

የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ታንጀንት» ይሏታል። ተማሪ ሳለች ሌላው የሚሸሸውን ይህን የማዕዘን ሒሳብ ቃል እሷ እንደ ዘፈን ታንጎራጉረው ስለነበር ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ቀያሽ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጅ አዝላም ለክታለች።

ሥራ ያቆመው የጡብ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሊፈርስ ነውና ቁመቱ ይለካ ተብላ ተላከች። ከግርጌው ሠላሳ ሜትር ላይ የአማቷ፣ የባሏ እናት፣ ቤት አለ። ጭስ ማውጫውን የገነቡት የአማቷ ሟች ባል ናቸው።

ከግርጌው አርባ ሜትር ርቃ፣ ከቤቱ ጀርባ መሣሪያዋን ተከለች። ጫፉን በመነጽሩ ስታይ ማዕዘኑ አርባ አንድ ዲግሪ ሆነ። የአርባ አንድን ታንጀንት በአርባ አባዝታ፣ የመሣሪያውን ቁመት ሜትር ተኩል ደመረችበት፤ ሠላሳ ስድስት ሜትር ከሩብ። በተቃራኒው ወገንም አርባ ሜትር ርቃ ለካች፤ ያው አርባ አንድ።

በመሥሪያ ቤታቸው አድሮ ያልተደገመ ቁጥር አይፈረምበትም። በማግሥቱ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ስትለካ አርባ አንድ ከሩብ አገኘች። ሠላሳ ሳንቲም ሜትር አድጎ አደረ ማለት ነው። ሜትሩን ደግማ ዘረጋች፣ መሣሪያውን ደግማ አስተካከለች። ስህተት የለም። ትናንት ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ተደርድረው ያየቻቸው ርግቦች ዛሬ መሬት ላይ ናቸው፤ አንዷም ድምፅ አታሰማም።

ዞራ በወዲያኛው ወገን ለካች። አርባ ከሦስት ሩብ።

የሚያድግ ነገር በሁሉም በኩል ያድጋል። ይሄ ግን አላደገም፤ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው።

ለመሥሪያ ቤቷ ደውላ አካባቢው እንዲታጠር ነገረችና ወደ አማቷ ሮጠች።

«እማማ፣ ቶሎ ይውጡ።»

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?»

«ጭስ ማውጫው እየዘመመ ነው። ቢወድቅ እዚህ ይደርሳል።»

«ባሌ የሠራው ነው። ሊጠይቀኝ እየመጣ ይሆናላ» ብለው ሳቁ።

አልተከራከረችም፤ ግትር ሰው በወሬ አይነቀልም። «እሺ፣ አንዴ በመነጽሩ ይዩልኝ፤ ከዚያ እተውዎታለሁ።» ከቤቱ ጀርባ ወስዳ፣ በመነጽሩ ውስጥ ያለችውን ቀጭን መስመር ከጫፉ ጋር ገጠመችው። «መሣሪያውን ሳይነኩ ዝም ብለው ይዩ።»

አሮጊቷ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ነፋስ የለም። ከጭስ ማውጫው በኩል ጥርስ ማፋጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማል።

«አለፈ» አሉ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ጫፉ። መስመሯን አለፋት።»

ወደ ቤት አልተመለሱም። በሩን እንኳ አልቆለፉም። «ተይው» አሉ፤ «ከመጣ በር አያንኳኳ።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታንጀንት ከአጥሩ ውጪ ሆና እየለካች ነበር። ቁጥሩን ልትጽፍ ዓይኗን ከመነጽሩ አነሳች። መልሳ ስታይ ሰማይ ብቻ ነበር። ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማታ እሷ ቤት፣ አማቷ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ጠየቁ።

«ጫፉ የት ላይ አረፈ?»

«አልጋዎ ላይ።»

«በየት በኩል?»

«በግድግዳው በኩል። እርስዎ የሚተኙበት በኩል አልተነካም።»

አሮጊቷ ሕፃኗን ማወዛወዝ ጀመሩ።

«እሱ የሚተኛው በዚያ በኩል ነበር» አሉ።