ጨው ያቆመው ባሌ

ባሌ ጨው ያቆመው ሐሙስ ቀን ነው። ቀኑን የማስታውሰው እሱ ራሱ እንድንረሳው ስላልፈቀደልን ነው። ከሆስፒታል እንደተመለሰ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገባ፣ የጨዉን ጣሳ ከመደርደሪያው አነሳና ለጎረቤት ሰጥቶ መጣ። ከዚያ ሳሎን ቁጭ ብሎ «በቃ፣ ጨው አቁሜያለሁ» አለ። አረቄ ያቆመ ሰው እንኳ እንደሱ ሲኮራ አይቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ያለውን እኔም አብሬው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የደም ግፊቱ ስለበዛ ልቡ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ጡንቻው ወፍሯል። ክኒኑን ሳያቋርጥ ይዋጥ፣ ጨው ይቀንስ፣ ኩላሊቱ በምርመራ ደህና ስለሆነ ደግሞ ድንች፣ ሙዝ፣ ጎመንና ባቄላ ያዘውትር ተባለ። እነዚህ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ፤ ጨው ውሃ ይዞ ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ግፊት ሲጨምር ፖታሲየሙ ደግሞ ጨዉ በሽንት እንዲወጣ ያግዛል ብሎ በትዕግሥት አስረዳው። ባሌ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ይመስል አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። በሩን እንደወጣን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እኔ ነኝ ድንች የምበላው? እኛ ቤት ድንች የሚቀቀለው እህል ሲያልቅ ነው።»

እኔ ከሰሜን ሸዋ በአስተማሪነት ተመድቤ አሰላ ስመጣ የገረመኝ ይሄው ነበር። የአገሩ ሰዎች ድንቹ ከጓሯቸው እየተቆፈረ በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ቆመው ያያሉ፣ እነሱ ሊበሉት ግን ያፍሩበታል። ያም ሆኖ ቀቅዬ አቀረብኩለት። አንዱን አንስቶ ገመጠና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ «እስቲ ሚጥሚጣ አምጪ» አለኝ። ሚጥሚጣው ግማሹ ጨው ነው። ድንቹን እየነከረ እየነከረ ጨረሰውና «ይኸው፣ ድንችም በላሁልሽ» አለኝ።

የእኛ ቤት ጨው ግን ዋናው ሚጥሚጣው ውስጥ ያለው አልነበረም። የዓመት በርበሬያችንና ሽሯችን የሚመጣው ከባሌ ዘመዶች አገር፣ ከዲክሲስ ነው፤ የሚያዘጋጁት ደግሞ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። እጃቸው ላይ ያለውን ሙያ ማንም አይክድም። በርበሬውን ያጥባሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ይደልዙታል፣ ያደርቁታል፣ ቅመሙን ይጨምሩበታል፣ መጨረሻ ላይ ጨዉን በእፍኝ በእፍኝ ያፈሱበትና ወፍጮ ቤት ይልኩታል። ሽሮውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጨዉ እኛ ጋ የሚደርሰው ተፈጭቶና ቀልቶ ነው፣ ጣሳ ውስጥ ያለው ነጩ ትርፍ ነበር። ይሄን ለባሌ ነገርኩት።

«ሽሮው ውስጥ ጨው አለ» አልኩት።

«እሱ ሽሮ ነው» አለኝ።

«በርበሬውም ውስጥ አለ።»

«እሱ ደግሞ በርበሬ ነው። ጨዉን ሰጥቼ ስመጣ አላየሽም እንዴ?»

እሱ ብቻ ቢሆን እሺ። ከተማው በሙሉ እንደሱ ነው የሚያስበው። በእጅ ተቆንጥሮ ድስት ላይ ካልተነሰነሰ ጨው አይባልም። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነገሩን አንስቼ ሳማርር የኬሚስትሪው መምህር ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጨው ከቅመም ጋር አብሮ ሲፈጭ ኃይሉን ያጣል» አለ። ይሄን የሚለው ሰው ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋን ለብሶ የሰው ልጅ ያስተምራል። የት ሄዶ ነው ኃይሉ የሚጠፋው ብዬ ጠየቅኩት፣ ሻይ ሊቀዳ ተነሳ።

ባሌ ደግሞ ጨው ማቆሙን ሥራ አደረገው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይቀመጥና ምግብ ሲቀርብ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ጨው አልነካም» ይላል። ሰዎቹ ያደንቁታል። «ወንድ ነህ፣ እኔማ እንዴት እችለዋለሁ» ይሉታል። እሱም ምስጋናውን ተቀብሎ ቀዩን ምስር ወጥ እስከ አፍንጫው ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ጥሬ ሥጋውን በአዋዜ ይበላና ማታ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዛሬም ያለ ጨው ዋልኩ» ይለኛል። እኔ ሳህኔን አጥባለሁ። አንዳንዴ መልስ እሰጠዋለሁ፤ ያን ጊዜ «አንቺ ደግሞ ነገር ስትወጂ» ይባላል።

ለቀጠሮው ሄደን ግፊቱ ሲለካ ከመጀመሪያውም ብሶ ተገኘ። ነርሷ ክኒኑን በትክክል ትወስዳለህ ወይ ብላ ጠየቀችው፣ እወስዳለሁ አለ፣ እውነቱን ነው። ጨውስ ስትለው ግን «እሱን እንኳ ካቆምኩ ቆየሁ» ብሎ ደረቱን ነፋ። እኔ ስለ ሽሮው ልናገር አፌን ስከፍት በክርኑ ጎሸመኝ፣ ነርሷም ቀጣዩን ሰው ጠራች። ቤት ስንደርስ ባሌ አስቦ አስቦ መልሱን አገኘው። ጨው አቁሞ ግፊቱ ካልወረደ ጥፋቱ የክኒኑ ነው። የማይሠራ መድኃኒት ለምን ሆዴን ያቃጥለኛል አለና ክኒኖቹን ሽንት ቤት ጨመራቸው።

ያን ቀን አልሳቅኩበትም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። የባሌ ታናሽ ወንድም ከዚያ በፊት ዲክሲስ ውስጥ እርሻው ዳር ቆሞ ኮምባይነር ሲጠብቅ ነው በድንገት የወደቀው። ግፊት እንዳለበት ያውቅ ነበር፣ ሐኪምም መክሮት ነበር። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎኑ ሙሉ በሙሉ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቱም ተይዟል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቤት ተኝቶ እሳቸው ናቸው የሚያጥቡት፣ የሚያገላብጡት፣ የሚያጎርሱት። ባሌ ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ ማህፀን ነው የወጣው። ያንን አልጋ ባሰብኩ ቁጥር የእኔን መኝታ ቤት ነበር የማየው።

ስለዚህ የበርበሬ ጊዜ ሳያልፍ ዲክሲስ እንሂድ አልኩት። የሐሳቤ መጨረሻ ትንሽ ነበር፦ እትዬ የእኛን ድርሻ ያለ ጨው እንዲያስፈጩልን መለመን። ባሌ ይሄን ሲሰማ ተቆጣ። ለዓመታት በነፃ የላኩልንን ሙያ ነቅፌ እህቱን እንዳላሳፍርበት አስጠነቀቀኝ። በሚኒባሱ መንገዱን ሙሉ «ነግሬሻለሁ» እያለ ሄደ። ለእህቱ ፊት ያስባል፣ ለልቡ አያስብም።

ስንደርስ እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወንድማቸውን ያበሉ ነበር። እንጀራውን በሽሮ እያራሱ፣ በጣታቸው እያላሙ፣ ትንንሽ እያደረጉ ያጎርሱታል። አገጩ ላይ የፈሰሰውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሰውነቱ ንጹሕ ነው፣ አንሶላው ንጹሕ ነው። እንዲህ የተያዘ በሽተኛ ሆስፒታልም አላየሁ።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«አልተሻለውም። ግፊቱ እንደገና ወጥቶ ያንዘፈዘፈው ጊዜ ሐኪሙ ከጨው ነው አለኝ፣ እኔን» አሉ እትዬ። ቅር ብሏቸዋል። ከአማርኛቸው መሀል ጨዉን በኦሮምኛ እየጠሩ ቀጠሉ፣ «ከወደቀ ጀምሮ አንዲት ፍሬ ሶጊዳ በአፉ አልገባችም። ቤቴ ውስጥ ሶጊዳ የለም። ፈልጉ እስቲ።»

ባሌ ወደ እኔ ዞሮ አየሽ እንደማለት ቅንድቡን አነሳ። እኔ ከሳህኑ በጣቴ ጠቅ አድርጌ ቀመስኩ። የእኛው ሽሮ ነው። ያው እጅ፣ ያው ጨው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ለስላሳ ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጨው አለው።»

«ምኑ?»

«ሽሮው። ሲያስፈጩት ጨምረውበታል፣ በርበሬውም ላይ።»

«እሱማ ካልገባበት ይነቅዛል» አሉኝ፣ ሙያ ለማታውቅ ልጅ እንደሚያስረዱ ሆነው። ሳህኑን አዩት። ቆይተው ወንድማቸውን አዩት። እጃቸው ጉርሻውን እንደያዘ ነበር።

ባሌ «ተይ አንቺ» ሊለኝ ጀምሮ ተወው። ጎንበስ ብሎ ከሳህኑ ጫፍ በጣቱ ነካና ወደ ምላሱ ወሰደው። ሽሮ ምን ምን እንደሚል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን የቀመሰው ይመስለኛል። ከዚያ ወንድሙ እግር አጠገብ ቁጭ አለ፣ የማይንቀሳቀሰውን እግር በብርድ ልብሱ ላይ እጁን አድርጎ ያዘው።

«ነገ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ክኒኑን ልጀምር።»

ስንት ወር ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። «እሺ፣ በጠዋት እንሄዳለን» አልኩት።

በሽተኛው ይሄን ሁሉ አልተከታተለም። ርቦታል። የቀረበለት ጉርሻ መሀል መንገድ ላይ ሲቆምበት ጊዜ ዓይኑን እትዬ ላይ ተክሎ፣ በደህናው በኩል እንደሚችለው አፉን ከፍቶ ጠበቀ። እትዬ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱት፣ እንደገና አነሱት፣ እንደገና መለሱት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሽሮም በርበሬም እሳቸው ያስፈጩት ነው።

«አሁን ምን ላጉርሰው?» አሉኝ።