የማይጎድለው ዘይት

ሾፌሯ ሰው አታምንም ቢሏት አትቀየምም ነበር። ዕድሜዋን ተማሪ ስታመላልስ የኖረች፣ ፍሬን ሳትፈትሽ ከግቢ የማትወጣ ሴት ናት። ሚኒባሷ ሞተሩ ታድሶ በገባ ሰሞን ከሥሩ ጥቁር ጠብታ ስታይ ታዲያ መጀመሪያ የታያት የዋርሳዋ ፊት ነው። ሞተሩን በትኖ የገጠመው እሱ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም መካኒኩ ነበር።

ተጠርቶ መጣና ከሥር ገባ። የዘይት ማጠራቀሚያውን ቡሎኖች አጠባበቀና መጋጠሚያው ላይ የገባው አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳያሾልክ የሚታሸግበት፣ እስኪለምድ ነው ብሏት ሄደ። ጥድፊያው አልጣማትም። አሮጌ ዕቃ መልሶ ገጥሞብኝ ይሆን እንዴ እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች።

ጠብታው ጭራሽ ባሰበት። የሚፈስበት ቦታ እንዲለይላት ሞተሩን በጨርቅ ወልውላ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰችበት። ተማሪዎቹን አድርሳ ስትመለስ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ወርዷል፤ መነሻውም ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት፣ ዘይት እንዳይወጣ ከሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። ምን ያህል እንደጎደለ ልይ ብላ መለኪያውን መዘዘች። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ነው። ጠርጋ ደግማ ነከረችው፤ ያው ነው።

የሚያፈስ ሞተር ዘይቱ እንዴት ይጨምራል? ዋርሳዋ ጉዱ እንዳይታወቅበት ተደብቆ እየሞላው መሆን አለበት። የግቢው ቁልፍ አለው። ለባሏ ብትነግረው ግን ወንድሜን አታሚብኝ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ዋርሳዋ ቤት ሲመጣ ዓይኗ ከእጁ አይነቀልም፤ የመካኒክ ጥፍር መቼም ጠርቶ አያውቅ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር እንኳ ማስረጃ ሆነባት።

አንድ ማለዳ የሞተሩ ክዳን ሲከፈት ሰማችና በባዶ እግሯ ወጣች። ዘይት የሚያንቆረቁሩት እዚያው ግቢ የሚኖሩት የባሏ አባት ነበሩ።

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ጠብታውን አይቼ ነዋ ልጄ። ዘይት አልቆብሽ ሕፃናቱን ይዘሽ መንገድ ላይ እንዳትቀሪ።"

የድሮ ሾፌር ናቸው፤ መንዳት ያስተዋቸው የዓይናቸው መድከም ነው። መለኪያውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሲያገላብጡት፣ ምልክቱ እንደማይታያቸው ገባት።

ዋርሳዋ መጥቶ ትርፉን ዘይት ቀዳ። የመጀመሪያው ጠብታ ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ቆሟል፤ ይሄኛው የበዛው ዘይት በግፊት የጎማ ቀለበቱን አልፎ የወጣ ነው ብሎ አስረዳት። ከዚያ ሞተሩን ሲዳስስ ጣቱ ነጭ ሆኖ ወጣ።

"ይሄ ፓውደር ምንድን ነው፣ እትዬ?"

ልትዋሽ አሰበች፤ አልሆነላትም። "ሥራህን ተጠራጥሬ ነው" አለችው።

ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። ካምቢዮውን አውርዶ የጎማ ቀለበቱን ቀየረና መፍሰሱ ቆመ። ቂም ይዟል እንዳትል ቤት መምጣቱን አልተወም፤ ይጫወታል፣ ይስቃል። መኪናዋን በነካ ቁጥር ግን የሞተሩን ክዳን ክፍት ትቶ ይጠራታል።

"ነይ እዪ፣ ከመዝጋቴ በፊት።"

እሷም ሄዳ ታያለች። ቢሰድባት ይቀላት ነበር።