የእናቴ አሞርዛተር

ጋራዣችን ጥግ፣ ከልጄ አሮጌ ብስክሌት ጀርባ፣ አንድ የካርቶን ሳጥን አለ። ውስጡ አራት ቀይ አሞርዛተሮች አሉ፤ መኪና ጉድጓድ ሲመታ ምቱን የሚቀበሉት እነዚያ ብረቶች። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ጋራዡን ሲያጸዳ ሳጥኑን ገፋ ቢያደርገው ካርቶኑ ተቀደደና ያ ሽታ ወጣ፤ ያረጀ ዘይትና የጎማ ሽታ።

"ይሄን ኮተት ዛሬ እንኳ እንጣለው?" አለኝ።

"ንካውና እንጣላ" አልኩት።

ብረቶቹን የማልጥልበትን ምክንያት ለእሱ በወጉ ነግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚሁ አሜሪካ፣ ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ጀምሬያለሁ፤ የምንኖረው ከፌርፋክስ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ውስጥ ነበር። አባቴ ዳውንታውን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አሉ የተባሉ መኪኖችን ሁሉ ነድቷል፤ ችግሩ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር ብቻ መንዳቱ ነው፤ ከሆቴሉ በር እስከ ምድር ቤቱ። እኔ ገና ሳልወለድ እናቴ አንድ ቀን ምሳውን በአውቶቡስ ይዛለት ስትሄድ፣ ጣራዋ የተከፈተ የስፖርት መኪና ይዞ ከምድር ቤቱ ብቅ ሲል አየችው። ሳቋ አመለጣትና "እኔንስ መቼ ነው የምትጭነኝ?" አለችው። "የራሴን ስገዛ፣ ባሕሩን ዳር ዳሩን" አላት። እሷ ወዲያው ረሳችው፤ እሱ ግን አልረሳም።

ገዛም። ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ፣ ባለ ሁለት ወንበር የጣሊያን መኪና፣ አረንጓዴ ቀለሟ የወየበ፣ የወንበሯ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው አሮጌ ጫማ የሚሸት። ሞተሯ ደህና ነበር። ችግሩ የመጣችው ዘግይታ ነው። እናቴ በዚያ ዓመት የወገብ ኦፕራሲዮን አድርጋ ነበር።

እናቴ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋ ነበር። ኢንግልዉድ ያሉ ጓደኞቿ እንደሚሉት እሷ የገፋችው ሽማግሌ አሳንሰር ሲገባ እንኳ አይነቃም። ደፍ ያለበት ቦታ ስትደርስ የፊተኛውን ጎማ ቀስ ብላ አንስታ፣ የኋለኛውን በጉልበቷ ደግፋ ታሳልፈዋለች። "ሰው ስትገፊ መንገዱን ቀድመሽ አንቺ ቅመሺው" ትለኝ ነበር። የሌላውን ምት ለዓመታት ስትቀበል ኖራ በመጨረሻ የራሷ ወገብ እምቢ አለ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሐኪም ቤትና ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ከቤት አትወጣም። ሌሊት ስትገላበጥ ነው የሚነጋው፤ በግድግዳው በኩል የአልጋዋን ሲጥሲጥታ እሰማ ነበር።

መኪናዋ እንደመጣች አባቴ እናቴን ሊያስደስት አስቀምጧት እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደ። አሞርዛተሮቹ ሞተዋል። አንድ ጉድጓድ ከነካች እስከሚቀጥለው መብራት ድረስ ትዘላለች። እናቴ በእግሯ ተመለሰች። "ወገቤን እግዚአብሔር ጠግኖልኛል፤ እናንተ መልሳችሁ እንዳታፈርሱብኝ" አለች። አባቴ ሲለምናት ግን አሳዘናትና "እሺ፣ አሠራትና አንድ ጊዜ እሞክራታለሁ። ካመመኝ በቃ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ" አለችው።

አባቴ አንድ ነገር ከያዘ በሬ አያስለቅቀውም። በማግሥቱ መኪናዋን ፒኮ መንገድ አጠገብ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ወሰዳት። እሳቸው ሙያውን የተማሩት ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ፣ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ክላቹን ፍሪስዮን፣ ስፕሪንጉን ሞላ ይሉታል። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ ነኝና የመኪና አማርኛ የለኝም። እሳቸው አሞርዛተር ሲሉ እኔ ሾክ እላለሁ፤ አባቴ መሃል ሆኖ ያስማማናል። ያም ሆኖ ዕቃውን በስልክ የማዘዙ ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። "እንግሊዝኛው ያንቺ ነው" አለኝ አባቴ። አማርኛው የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ክፍል ልገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ፣ ለአሮጌ የስፖርት መኪኖች ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ደወልኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አለ፤ ሃርድ ነው ወይስ ሶፍት የምትፈልጊው አለኝ። ጠብቀኝ ብዬው አባቴ ጋ ደወልኩ። ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"አባዬ፣ ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው። ጠንካራ ነው ለስላሳ?"

"ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ጠንካራውን ነዋ! ለስላሳ የምፈልገውማ ሲጠማኝ ነው!"

ሳቅሁ። ሻጩን "የመጨረሻ ሃርድ የሆነውን" አልኩትና ክፍሌ ገባሁ።

ያዘዝኩት ለውድድር የሚሆነውን ነበር፤ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ለሚበርሩ ሰዎች የተሠራውን። አራቱ ቀያዮች በሳጥን መጡ። ሽማግሌው ሲገጥሟቸው አባቴ የሠርግ ቀን ይመስል ሸሚዙን ለውጦ መጣ። ሽማግሌው የመኪናዋን አፍንጫ በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት፤ ንቅንቅ አላለችም። "እህ" አሉና አባቴን አዩት። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሲያዩ ግን ዝም አሉ። ያን ዝምታ ዛሬም በልቤ እወቅሳቸዋለሁ።

አባቴና እናቴ ከቤት በወጡ በሩብ ሰዓት ተመለሱ። መስኮት ላይ ቆሜ አየኋቸው። እናቴ የመኪናዋን በር ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። አባቴ ክንዷን ሊይዝ እጁን ቢዘረጋ "ቆይ፣ ቆይ" አለችው። ማታ ጀርባዋ ላይ ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ አድርጋ ተኝታ፣ "መኪናዋ ቆንጆ ናት፤ እኔን ግን አትፈልገኝም" አለች። አባቴ ለመኪናዋ የገዛውን ሽፋን አውጥቶ አለበሳት። በጣም ነው የከፋኝ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

ያወቅሁት ሽማግሌው ጋ ልጣላ የሄድኩ ቀን ነው። "ጋሼ፣ አበላሽተህ ነው የገጠምከው!" አልኳቸው፤ እዚህ ያደግን ልጆች አንቱ ማለት አይሆንልንም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝ።

"ለመሆኑ ይሄን አሞርዛተር ማነው የመረጠው?"

"አባዬ ነዋ፤ ጠንካራውን አለ።"

"አንቺስ ምን ብለሽ አዘዝሽ?"

"ሃርድ።"

ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ሳቁ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቃቸውን ዋጡ። "ልጄ፣ አባትሽ ጠንካራ ያለው ቶሎ የማይበላሽ፣ ዕድሜ ያለው ማለቱ ነው። አንቺ ያመጣሽው ደረቅ ነው። አሞርዛተር ማለት በጣሊያንኛ ምቱን የሚገድል ነው፤ ይሄ ግን ምቱን እንዳለ ወስዶ ለእናትሽ ያስረክባል። ጠንካራና ደረቅ ለየቅል ነው። አባትሽ ጠንካራ ነው። አንቺ ደረቅ ነሽ።"

በአማርኛ ደረቅ መባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደስ አላለኝም፤ ልክ ነበሩ ግን።

የዚያን ቀን መሐላ አልማልኩም እንጂ፣ ያበላሸሁትን ራሴ ላስተካክል እንደማልኩ ቁጠሩት። ሱቁ ደውዬ መመለስ ይቻላል ወይ ብል ኢንስቶል የተደረገ ዕቃ ሪተርን አይደረግም አሉኝ። ኦኬ፣ አልኩ። በዚያ ወር ለፈተናዬ ካነበብኩት ይልቅ ስለ አሞርዛተር ያነበብኩት ይበልጣል። የዘይት ብቻ አለ፣ ጋዝ የተጨመረበት አለ። ጋዙ ፈጣን ነው፣ ዘይቱ ገር ነው። የድሮውን ዓይነት ለስላሳ ለዚያች መኪና መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል። ከሱቅ ሱቅ ደወልኩ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስንት ፍጥነት እንደምነዳ ነው፤ እኔ የምነግራቸው የእናቴን ክብደትና ወገቧን ነው። አንዱ ስልኩን ዘጋብኝ። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ግን አዳመጠኝና፣ ከሥሩ በትንሽ ቁልፍ የሚላላና የሚጠብቅ የዘይት አሞርዛተር እንዳለው ነገረኝ። "ሶ፣ መጀመሪያ በጣም አላልተሽ ጀምሪ፤ ከዚያ መዝለሏን እስክትተው ድረስ ብቻ አጥብቂው" አለኝ። የተናገረውን ሁሉ ጻፍኩ።

ዕቃው ሲመጣ ሽማግሌው ሜካኒክ ያለ ክፍያ ገጠሙት። "ዝም ያልኩበት ካሣ ነው" አሉ። ከዚያ እኔ የእናቴ ቦታ ተቀመጥኩ፤ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ውኃ ይዤ። አባቴ ነዳ። ፌርፋክስ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እየፈለግን ገባንበት። ውኃው ከፈሰሰብኝ እንመለሳለን፤ ሽማግሌው መሬት ላይ ይተኙና ቁልፏን ያዞሯታል፤ ቀጭ። እንደገና እንወጣለን። ሱሪዬ በሰበሰ። አንድ ምግብ ቤት በር ላይ የቆሙ ሰዎች ስድስት ጊዜ ስናልፍ አይተው ሳቁብን። በሰባተኛው ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ተንቀጠቀጠ፣ አልፈሰሰም። ሽማግሌው አፍንጫዋን ተጫኑ፤ አንዴ ወረደች፣ አንዴ ወጣች፣ ቀጥ አለች። "እንዲህ ነው" አሉ።

የቀረችው እናቴ ነበረች። ቃሏን ሰጥታለች፤ አንድ ጊዜ ብላለች፣ አንዱ አልቋል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳት።

"እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አባዬ ጠንካራ ሲለኝ ሃርድ መስሎኝ ነው።"

አየችኝ። "እሱ እኮ 'እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ልጅቷን እንዳትናገሪያት' ብሎኛል።"

አላውቅም ነበር። አንድም ቀን ፊት አልነሳኝም፣ አንድም ቃል አልወጣውም። እንባዬ መጣ። እሷ ግን ነገሩ ገና እየገባት ነበር። "ለስላሳውንስ ምን አለ?"

"ሲጠማኝ ነው አለ።"

ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። "እሺ" አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ "ለአማርኛሽ ስል አንድ ጊዜ እሞክራታለሁ።"

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወደ ባሕሩ ሄዱ። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ናትና እኔ ቀረሁ፤ የሽማግሌው ጋራዥ ደጃፍ፣ ፒኮና ፌርፋክስ የሚገናኙበት ጥግ ላይ እጠብቃችኋለሁ አልኳቸው። ጣራው ተከፍቷል፤ እናቴ ነጠላዋን ፀጉሯ ላይ አስራለች። አንድ ሰዓት አለፈ። ከታመመች ይሄኔ ይመለሱ ነበር ብዬ ተጽናናሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ስደውል አባቴ አያነሳም። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ በኩል አዘነበለች፤ የሱቆቹ መስታወት ወርቅማ ሆነ። ሐኪም ቤት ወስዷት ይሆን ብዬ እንደገና ደወልኩ።

ከዚያ አየኋቸው። አረንጓዴዋ መኪና ከታች በኩል በዝግታ መጣች። እጄን አውለበለብኩ። አባቴ አየኝ፤ አልቆመም። እየዘገየ አጠገቤ አለፈ።

ሽማግሌው ወጡ። "ምነው፣ ፍሬን እምቢ አለው እንዴ?"

ዞሮ መጣ። አሁን አየሁ። የእናቴ ራስ ወደ በሩ ዘንበል ብሏል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ነጠላው ጉንጯ ላይ ወድቋል። አባቴ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ተኝታለች" አልኩ። "ጋሼ፣ እናቴ ተኝታለች!"

ሽማግሌው ከጋራዡ ሁለት በርጩማ አምጥተው አንዱን ሰጡኝ። ተቀምጠን አየናቸው። በጉድጓዱ ላይ ሲያልፉ መኪናዋ ትወርዳለች፣ ትወጣለች፣ ቀጥ ትላለች፤ የእናቴ ራስ ንቅንቅ አይልም። ዕድሜ ልኩን ሃምሳ ሜትር ሲነዳ የኖረ ሰው፣ እንዳትነቃበት ብሎ በእግር ፍጥነት ፌርፋክስን ሲዞር አመሸ።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ አሁን መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ በእሷ ቦታ ይቀመጣል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፌርፋክስ ላይ ፓርክ ላደርግ ፍጥነት ስቀንስ እጁን ክንዴ ላይ ያሳርፋል።

"ቆይ፣ አታቁሚ" ይለኛል። "አንዴ ዙሪ።"

እዞራለሁ።