«የእኛም ጠፍቷል» ያልኩባት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ከቀየት ማዶ ባለው መንደራችን፣ ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሳይበረታ በጎቹ ይገቡና በሩ ይዘጋ ነበር። ያኔ ተረት የሚነግሩኝ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እማሆይ ነበሩ፤ ከመነኮሱ ወዲህ እኛ ዘንድ ይኖራሉ። በኩራዝ ብርሃን የበግ ጠጉር እየፈተሉ ሲያወሩ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይኔን እየለበለበኝም ከአጠገባቸው አልነሳም።

አንድ ምሽት ስለ አንድ ገበሬ ጀመሩ። ሰውየው በበዓል ቀን ቅዳሴ እንዳያመልጠው ነጭ ለብሶ ሲገሰግስ፣ የአንድ የማያውቀው መንገደኛ አህያ ገብስ እንደተጫነች ረግረግ ውስጥ ሰጥማ አገኛት። ልግባ አልግባ እያለ ሲያመነታ ደወል ተደወለ። እማሆይ እዚህ ላይ እንዝርታቸውን ያዝ አደረጉ፤ ልቤ ተሰቀለ። ይኼኔ በሩ ተንኳኳ።

ሄጄ ከፈትኩ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ገል ይዛ ቆማለች። ባሏ በደርግ ጊዜ ዘምቶ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላም አልተመለሰም። ትንሹ ልጇ ከታመመ ሰንብቷል።

«ዘነቡዬ፣ እሳት ልጭር ነበር። ልጁ በብርድ ተንቀጠቀጠብኝ።»

በአገራችን እሳት አይከለከልም። ከገባች ግን «አረፍ በይ» ትባላለች፣ ስለ ልጁ ትጠየቃለች፣ ተረቱም ለነገ ያድራል። በሩን ገርበብ እንዳደረግሁ «የእኛም ጠፍቷል» አልኳት። ከኋላዬ ያለው የፍም ብርሃን ፊቷ ላይ ቀልቶ ይታየኝ ነበር። ፍሙን አየች፤ እኔንም አየችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብላ ባዶ ገሏን ይዛ ተመለሰች።

«ማን ነው?» አሉ እማሆይ።

«ማንም የለ፤ ንፋስ ነው።»

«የዛሬው ንፋስ ደግሞ ጨዋ ነው! እግዜር ይስጥልኝ ይላል?»

እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ፍሙን በገል ዛቁ። «ተነሺ፣ ኩበት ያዢ። ሌላው በሆዱ ይሰስታል፣ አንቺ በጆሮሽ!»

የእትዬ ብርቄ ቤት ጨለማ ነበር። ልጁ ባና ውስጥ ተጠቅልሎ ያስላል። እማሆይ ገና «ብርቄ፣ ይቅር በይን፣ ይቺ ልጅ...» ሲሉ ቀደመቻቸው።

«ኧረ እማሆይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ቀስ ብዬ ተናግሬ ሳትሰማኝ ነው የተመለስኩት።»

ለእኔ ብላ ዋሸች። እሳቱ እንደተያያዘም ከልጇ ጎን አስቀመጠችኝና፣ «ምነው እጅሽ በረዶ ሆነ?» እያለች ጣቶቼን ታሻሽ ጀመር። ብትቆጣኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ቤት ስንመለስ እማሆይ እንዝርታቸውን መልሰው አነሱ። ያ ገበሬ ቅዳሴ ይድረስ አይድረስ፣ ከዚያ በኋላ ልጠይቃቸው አፈርኩ።

ካደግሁ ጀምሮ ቤቴን ያንኳኳን ሰው ባዶ እጁን መልሼ አላውቅም። ባለቤቴ ይህን እያየ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የሷ ደግነት አብሯት የተፈጠረ ነው» ይል ነበር። አንገቴን እደፋለሁ፤ እሱ ትሕትና ይመስለዋል። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። ካረፈ አምስት ወሩ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ያንኑ የሱን ቃል ደጋግመው ሲያጽናኑኝ፣ ከሐዘኑ ይልቅ ሀፍረቱ ነበር ቀና ብዬ እንዳላያቸው ያደረገኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ ዝም ማለቴም ከዚያች ምሽት ውሸት የሚለይ አይመስለኝም።