የጓሳው ገመድ

በሞላሌ ገበያ፣ ከጨው ሻጯ ከስመኝ ጎን፣ ገመድ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ስማቸውን አታውቅም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ውሃ የሞላ ጣሳ ፊታቸው አስቀምጠው ውለው ይሄዳሉ።

ድሮ የሚገምዱት የጓሳ ሳር ነበር። ጓሳ ካልራሰ ይሰበራልና እጃቸውን እየነከሩ ነው የኖሩት። በልጉ መክዳት ከጀመረ ወዲህ ግን የጓሳው ሜዳ ለዓመታት ከግጦሽ ተከልሎ ቢቆይም ሳሩ ከቁርጭምጭሚት አላልፍ አለ፤ አጭር ሳር ደግሞ አይገመድም። አሁን የሚገምዱት የተተረተረ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ፕላስቲክ ምን ውሃ ያሻዋል? እሳቸው ግን ዛሬም ጣታቸውን ነክረው፣ አርሰው ይገምዱታል።

"አባቴ፣ ይኼ እኮ አይሰበርም። እጅዎን ለምን በብርድ ያስመታሉ?" አለቻቸው።

"ለእጄ ማን ይንገርልኝ፣ ልጄ።"

ከጋቢያቸው ሥር አንድ አሮጌ የጓሳ ገመድ አለ። ገዢ ዓይኑን ሲጥልበት ወደ ውስጥ ይሸጉጡታል። ስመኝ ለአህያቸው ያስቀመጡት መስሏት ነበር፤ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው።

"አህያዬማ በድርቁ ሞተች። ይኼ ለቃሬዛዬ ነው። በጆንያ ታስሬ መቃብር አልወርድም።"

"ማን ያስርልዎታል?" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ጨውዋን መስፈር ጀመረች።

 ሽማግሌው የጓሳውን ገመድ ከጋቢያቸው አውጥተው ከጎኗ አኖሩትና፣ እጃቸውን መልሰው ውሃው ውስጥ ነከሩ።