ይርጋ የሚባል ሰው

ሕግ የተማርኩት ጎንደር አራዳ፣ ፍርድ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጥኩም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ግን ራሴ አንብቤ ጨርሼዋለሁ፤ የሰበር ውሳኔዎችንም ጥራዝ በጥራዝ እከታተላለሁ። ዛሬ ጎንደር ውስጥ እንደ እኔ አድርጎ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው የለም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

አሁን አሁን የፍርድ ቤቱን ፊት ለፊት ኮምፒዩተር የታቀፉ ጎረምሶች ሞልተውታል። የፍቺውንም፣ የውሉንም፣ የመኪና አደጋውንም ክስ ከአንድ ፋይል ይገለብጡና ስም ብቻ ይለውጣሉ። አንዱ በጻፈው የቤት ኪራይ ክስ መጨረሻ ላይ «ልጆቹን እኔ እንዳሳድግ ይወሰንልኝ» የሚል በዓይኔ አንብቤያለሁ።

ከኮሶዬ የመጣችውን ባልቴትም ገደል የከተታት ከእነዚህ አንዱ ነው። የሟች አባቷን የገብስ መሬት ታላቅ ወንድሟ ለብዙ ዓመት ይዞ ያርሰው ነበር፤ ዘንድሮ ድርሻዋን ሲከለክላት ከሰሰችው። የወንድሟ ጠበቃ ደግሞ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለት የመክሰሻው ጊዜ አልፏል፣ ብሎ ተቃወመ። ወረቀቱን ይዛ ጎረምሳው ዘንድ ሄደች።

«ክስሽ በይርጋ ይታገድ ይላል» አላት። ከዚህ በላይ አልነገራትም፤ ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

እሷ ይርጋ የሚባል ሰው መሬቷን ያገደባት መሰላት። ጠይቃ አጠያይቃ ጠዳ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ እህል ነጋዴ አገኘች፤ ሽማግሌ ይዛ ሄዳ «ምን በድዬህ ነው?» አለችው። ሰውየው ግራ ቢገባውም «እኔ ባንቺ መሬት ምን አለኝ?» ብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው።

በቀጠሮዋ ቀን እኔም ችሎት ተቀምጬ ነበር። ዳኛው «በይርጋው ላይ ምን መልስ አለዎት?» ሲላት፣

«ከይርጋ ጋር ጠብ የለኝም፤ ታርቀናል» አለች።

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «ከሳሽ በይርጋው ላይ ተቃውሞ የላቸውም» ብሎ አስመዘገበና መዝገቡን ዘጋው። ዳኛውም ጠበቃውም ባለዲግሪ ናቸው፤ ይርጋ ማለት የጊዜ ገደብ ነው ብሎ የሚነግራት አንድ አፍ ግን ጠፋ።

ውጭ አገኘችኝ። «አያ፣ ታርቄ ሳለሁ ምነው አሰናበቱኝ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይርጋ እኮ ሰው አይደለም!»

«ኧረ እግዜርን ይፍሩ! ታዲያ በልቼ ጠጥቼ የመጣሁት ከማን ቤት ነው?»

አስቀምጬ ጠየቅኋት። ወንድሟ እስከ አምና ድረስ ከመሬቱ ገብስ ይልክላት ኖሯል። ድርሻዋን እያመነ ከላከላት ይርጋው ይቋረጣል። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ አፉን ሲዘጋ ሙያ ይሉታል፤ እኔ ሌላ ስም አለኝ። ይግባኙን በገዛ እጄ ጻፍኩላት፤ ከዚያ የተሻለ ይግባኝ የበላዩ ፍርድ ቤት አላየም።

ይግባኝ ሰሚዎቹ ወንድሟን «ከምርቱ ይልኩላት ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ምን ማለት ነው! እህቴን አስርቤ እኔ ልበላ? ድርሻዋን ገና ከአውድማው ላይ ነበር የማስጭንላት!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ጠበቃው ኮቱን ቢጎትተውም አልሰማም። ሲከራከርለት የከረመውን ነገር ደንበኛው በአንድ ትንፋሽ ናደበት።

ክሱ በይርጋ አይታገድም፤ የሥር ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሰምቶ ይወስን ተባለ። ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ።

«መሬቴ ተመለሰልኝ፣ አያ?»

«አልተመለሰም። ክስሽ እንዲሰማ ነው የተወሰነው።»

«ምነው? እስካሁን አልሰሙኝም እንዴ?»

«አልሰሙሽም።»

«ታዲያ ዘንድሮ ማን ይዘራዋል?»

«እስኪወሰን ያው ወንድምሽ ነው» አልኳት።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዘር ገብስ እንዲያዘጋጁለት በስልክ እየጮኸ ያዝዝ ነበር።