የአባቴ ስድስት ቀን

ከዲማ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሬው የኔታ ይላቸዋል። ጋቢያቸውን ደርበው እስከ መኪናው መንገድ በእግራቸው ሸኙኝ። ያኔ ጤነኛ ነበሩ፣ ዳገቱን ቀድመውኝ ነው የወጡት። «ድምፅሽን አታጥፊብን» አሉኝ፣ ሌላ አላሉም። ከዚያ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ። ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያላለፋችሁበት ባትሰሙት ይሻላል።

ጣሊያን ገብቼ ያገኘሁት ሥራ አንዲት አሮጊት ማስታመም ነው። እዚህ «ባዳንቴ» ይሉናል። አሮጊቷን፣ ሲኞራን፣ አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ ጨው የሌለው ሾርባ አጠጣቸዋለሁ። እኛ አገር እንዲህ የታመመ ሰው ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ እዚህ ጠያቂ የለም፣ መድኃኒት ግን አለ። ካንሰር ይዟቸው አጥንታቸው ገብቶ እንኳ፣ ነርሷ በየሦስት ቀኑ እየመጣች ደረታቸው ላይ ሕመም የሚያስታግስ ትንሽ ፕላስተር ትለጥፍላቸዋለች፤ እሳቸውም ቴሌቪዥን እያዩ ይስቃሉ።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ዓለምነህ ደወለ። አባዬንም ያው በሽታ ያዛቸው። ደብረ ማርቆስ ወስዷቸው ሐኪሙ «እቤታቸው ይረፉ» ብሎ ፓራሲታሞል ሰጠው። ጠንከር ያለ ማስታገሻ ቢጠይቅ «ምናልባት አዲስ አበባ» ተባለ። አልጋ ላይ መገላበጥ ያቃተው ሰው አዲስ አበባ በምን ይሄዳል?

ሄጄ ላስታምማቸው ብዬ ወረቀት ቢሮ ገባሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም ነበር።

«ከወጣሽ መመለስ የለም» አለኝ ሰውየው። «ለአስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ።»

«አባቴ ሊሞቱብኝ ነው።»

«ሞተዋል?»

«አልሞቱም።»

«እንግዲያው አስቸኳይ አይደለም። ሲሞቱ ማስረጃ ይዘሽ ነይ።»

«ከሞቱ በኋላ ምን ያስቸኩለኛል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሱም እውነት ነው» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ሲኞራ በዐቢይ ጾም መግቢያ አረፉ። ነርሷ የተረፈውን መድኃኒት ልትወስድ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ፕላስተር ከካርቶኑ አውጥቼ ደበቅሁ። የየኔታ ልጅ ሰረቅሁ። አገር ቤት ለምትገባ ጓደኛዬ አሲዤ ላክሁት። ለአባዬ ይብዛባቸው አይብዛባቸው የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ዓለምነህ እስኪደውል ድረስ፣ በቃ ገደልኳቸው እያልሁ እህል አልቀመስሁም።

አልሞቱም፣ ተኙ። ሲነቁ ተቀምጠው ፍትፍት በሉ። ተማሪዎቻቸውን አስጠርተው ቅኔ ሰሙ፤ አንዱንም «ቤት አልመታልህም» ብለው አረሙት። ዓለምነህ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ያለቅስ ነበር። አንዱ ሦስት ቀን፣ ሁለተኛው ሦስት ቀን።

በሰባተኛው ቀን ደግሞ ተደወለ። ዓለምነህ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው። ድምፃቸውን መጀመሪያ አልለየሁትም።

«ልጄ፣ ሕመሙን ፊት ከእግዚአብሔር የመጣ ነው ብዬ እችለው ነበር» አሉኝ። «አሁን እንደሚቆም አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ መቻል አቃተኝ። ሌላ አለሽ?»

አሁን የማስታምማቸው ሽማግሌ ከስኳር በሽታ በቀር ምንም የለባቸውም፤ ፕላስተር ቤታቸው አይገባም።

«እልካለሁ አባዬ» አልኋቸው።

«መቼ?» አሉኝ።